ዘፈኑን ማን ደረሰው?
ስለ ወሎ ዘፈን ደራሲዎች ለአዲስ አንባቢዎች በራዲዮ የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘፈን ነው። «ዘፈን ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አለው እንጂ! ዘፈን የሕዝብ ታሪክ ነው። ፊደል ያልቆጠረው አያታችሁ ያየውንና የሰማውን በወረቀት ላይ አላኖረውም፤ በዘፈን ግን አኑሮታል። እናንተ ዛሬ ያንን የአፍ ታሪክ በእጃችሁ መጻፍ የምትችሉ ሆናችኋል። የዛሬው ንግግር ወደዚሁ ነው የሚመጣው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ራዲዮ ስትከፍቱ ዘፈን ትሰማላችሁ። የዘፋኙ ስም ይነገራል። ታዲያ ግጥሙን የገጠመው ማን ነው? ዜማውን ያወጣውስ? ብዙዎቻችን አናውቅም።

አንድ ዘፈን ከጆሯችን እስኪደርስ ድረስ የብዙ ሰው እጅ ይነካዋል። ቃሉን የሚፈጥር አለ፤ እሱ የግጥም ደራሲ ይባላል። ዜማውን የሚያወጣ አለ፤ እሱ የዜማ ደራሲ ይባላል። መሣሪያዎቹን የሚያስማማ አለ፤ እሱ አቀናባሪ ይባላል። በመጨረሻ ድምፃዊው ይመጣና ያዜመዋል። እኛ ስሙን የምናውቀው የመጨረሻውን ሰው ነው። ጎጆው አምሮ ያየ ሰው ስለ ክዳኑ ያወራል እንጂ ምሰሶ ሊያቆም ጉድጓድ የቆፈረውን አያነሳም። የዘፈንም ነገር እንደዚሁ ነው።

ይህን ነገር በደንብ ለመረዳት ወደ ወሎ እንሂድ።

ወሎ የት ነው?

የድሮው የወሎ ክፍለ ሀገር ዛሬ አንድ አስተዳደር አይደለም። ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ፣ ዋግ ኽምራ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እየተባለ ተከፋፍሏል። ቆላው ክፍል ደግሞ ወደ አፋር ሄዷል። በሰው አፍ ግን ወሎ ያው ወሎ ነው። ዋናው ከተማው ደሴ ነበር።

በወሎ ምድር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አገው ጎን ለጎን ኖረዋል። ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙን ልብ በሉት። ሰውን አይንቅም፣ አይለይም ማለት ነው።

ይህ መቀላቀል ለዘፈን ትልቅ ሀብት ነው። ደገኛው ያመጣው ዜማ ከቆለኛው ምት ጋር ይገናኛል። የመንዙማው ድምፅ ከሠርጉ ዘፈን ጎን ይሰማል። ሰው ከሰው ሲገናኝ ዘፈን ከዘፈን ይወልዳል።

አራቱ ዘፈኖች

የአገራችን ሙዚቃ ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። «ቅኝት» ማለት የድምፆች አሰላለፍ ነው። ክራር መቺው ሳይጫወት በፊት ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ እርስ በርሳቸው ያስማማቸዋል። ይህን ሲያደርግ «ቃኘው» ይባላል። ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት ክሮች አሉት። ድምፆቹ ግን አምስት ናቸው። ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን ከፍ አድርጎ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግመዋል። በእነዚህ አምስት ድምፆች ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ዘፈን የሚዘፈነው።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። የአራቱ ቅኝቶች ስም ከየት መጣ? ከዘፈን ነው። መጀመሪያ ዘፈኑ ነበረ። ዘፈኑ በጣም ተወደደ፣ አገር አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሌላ ዘፈን በዚያው ዓይነት ሲወጣ «ይህ እኮ በባቲ ነው»፣ «ይህ በአምባሰል ነው» መባል መጣ። ዘፈኑ ሄዶ ሄዶ የብዙ ዘፈኖች አባት ሆነ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዛሬ እነዚህን ቅኝቶች ይማራሉ። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ትዝታም ቢሆን በብዙ ሰው ዘንድ ከወሎ ጋር አብሮ ይነሳል።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ባቲ ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ደጋው አልቆ ወደ አፋር በረሃ በሚወረድበት መንገድ ላይ ትገኛለች። ዛሬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ናት። ሰኞ ሰኞ ትልቅ ገበያ ይቆማል። ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፤ ቆለኛው ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይወጣል። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው በአንድ ገበያ ይደባለቃል። ገበያ ደግሞ ለሸቀጥ ብቻ አይደለም። ወጣት ከወጣት የሚተያየው እዚያ ነው። እንግዲህ ባቲ የፍቅርና የውበት ዘፈን መሆኗ ከዚህ የመጣ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን የሚገኝ ተራራማ አገር ነው። በአምባሰል ዜማ የፍቅርም የጀግናም ነገር ይነሳል፤ አገር ይወደሳል፣ ያለፈ ዘመን ይተረካል። ውጫሌ የምትገኘው በዚሁ በአምባሰል ምድር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፍ ከፈለገ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላል ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። በዚህ የተነሳ የመጣው ጠብ እስከ አድዋ ደረሰ። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። አያችሁ? የተጻፈ ቃል እንዲህ ነው። አንብቦ የሚያውቀውና ሳያነብ የሚፈርመው እኩል አይደሉም።

አንቺሆዬ ስሙን ያገኘው ከራሱ ከዘፈኑ ቃል ነው። «አንቺ ሆዬ» ብሎ የሚጠራ ዘፈን ነው። በሠርግ ቤትም ይሰማል። ዘፋኞች እንደሚሉት ዜማው አስቸጋሪ ነው። ድምፁ ቶሎ ይስታል። ሰልጠን ያለ ጉሮሮ ይፈልጋል።

ትዝታን ደግሞ ማን የማያውቅ አለ? ትዝታ የናፍቆት ዘፈን ነው። የሄደን ሰው፣ ያለፈን ጊዜ፣ የቀረን አገር ያነሳል። ዘፋኙ ትዝታን ራሱን እንደ ሰው ቆሞ ያናግረዋል፤ ይወቅሰዋል፣ ይለምነዋል። ካሣ ተሰማ በክራሩ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ በዛወርቅ አስፋው፣ አስቴር አወቀ፣ ሁሉም ትዝታን ዘፍነዋል። ግን የአንዱ ትዝታ እንደ ሌላው አይደለም። ዜማው አንድ፣ ግጥሙ የየራስ ነው። ትዝታ ተደርሶ ያለቀ ዘፈን አይደለም፤ ዛሬም እየተደረሰ ነው። ከአገሩ ርቆ በዋሽንግተን የሚኖረው ኢትዮጵያዊም ሲመሽ የሚከፍተው ይህንኑ ነው።

ታዲያ እነዚህን አራት ዘፈኖች መጀመሪያ የደረሷቸው እነማን ናቸው? ስማቸው አልተጻፈም። የመጀመሪያውን ባቲ ያዜመው ሰው ስም ነበረው፣ እናት ነበረችው፣ መንደር ነበረው። የሚጽፍ ሰው ግን በአጠገቡ አልነበረም። ዘፈኑ ቀረ፣ ሰውየው ጠፋ።

አዝማሪና «ተቀበል»

ስማቸው ከጠፋው ደራሲዎች ብዙዎቹ አዝማሪዎች ናቸው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ከግዕዝ «ዘመረ» ከሚለው የመጣ ነው። አዝማሪው መሰንቆውን አንግቦ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከገበያ ወደ ጠጅ ቤት ይዞራል። መሰንቆ አንድ ገመድ ብቻ አለው፤ ገመዱ ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ነው። ሆዱ በቆዳ ይለጎማል፣ በደጋን ይመታል። በዚያች በአንዲት ገመድ ሰውን ያስለቅሳል፣ ያስቃል።

አዝማሪው ግጥሙን ተቀምጦ አይጽፍም። እዚያው ቆሞ ይገጥማል። የሰውየውን ፊት ያያል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ወዲያው በስሙ ይገጥምለታል። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው።

ደግሞም አዝማሪው ብቻውን አይደርስም። ከተቀመጡት አንዱ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይላል። ሁለት መስመር ግጥም ይናገራል። አዝማሪው ያችን ግጥም ተቀብሎ በዜማ ያወጣታል። የተቀመጠው ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ከኪሱ አውጥቶ ይሸልማል። በማግስቱ አዝማሪው ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ያችን ግጥም ይዟት ይሄዳል። እዚያ ሌላ ሰው ሌላ ይጨምርበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ዘፈን የሃምሳ ሰው፣ የመቶ ሰው ሥራ ይሆናል። «ተቀበል» ያለው ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወታደር ሁሉ ሳያውቀው የዘፈን ደራሲ ነው። እናንተም አንድ ቀን «ተቀበል» ብላችሁ ከሆነ ደራሲዎች ናችሁ ማለት ነው!

ሴቶችንም አንርሳ። እህል ሲፈጭ የሚንጎራጎረውን እንጉርጉሮ፣ ሙሽራ ስትሸኝ የሚዘፈነውን፣ ሬሳ ሲወጣ የሚወረደውን ሙሾ የሚደርሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሕይወት በጥቂት መስመር አጠቃላ ትናገራለች። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ግን «ይህን የገጠመችው እገሊት ናት» ብሎ የጻፈ የለም።

ሰምና ወርቅ

የወሎም ሆነ የሌላው አገራችን ዘፈን አንድ ጥበብ አለው። ሰምና ወርቅ ይባላል። ወርቅ አንጣሪ ጌጥ ሲሠራ መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ያወጣል። ቅርጹን በጭቃ ይሸፍነዋል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ወርቅ ይፈስሳል። በግጥምም እንዲሁ ነው። ከላይ የሚሰማው ሰሙ ነው፤ ከሥር የተደበቀው ወርቁ ነው።

ምሳሌ ብሰጣችሁ ይቀላል። ይህችን ለማስተማሪያ ያህል እኔው የገጠምኳት ናት፤

ዘመኔም አለፈ በደጅሽ ስዞር፣
ምናለ እመቤቴ አንድ ቀን ብማር።

«ብማር» የምትለውን ቃል ተመልከቱ። ሰሙ «ትምህርት ብማር» ነው። ወርቁስ? «ምሕረት ባገኝ፣ ይቅር ብትይኝ» ማለት ነው። ሰውየው ተማሪ መስሎ ይቅርታ ይለምናል። ቃሏ አንድ ናት፤ ትርጉሟ ግን ሁለት ነው። «ስዞር» እና «ብማር» ሁለቱም በ«ር» ፊደል ማለቃቸውን አስተውሉ። ይህ ቤት መምታት ይባላል። ሰምና ወርቁን የሚያውቁ አዝማሪዎች በአንዲት ቃል ንጉሥ አወድሰው በዚያችው ቃል ይነቅፉት ነበር። ንጉሡ ሰሙን ሰምቶ ይሸልማል፤ ሕዝቡ ወርቁን ሰምቶ በሆዱ ይስቃል።

በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ

በወሎ የጻፈ ሰው ጨርሶ አልነበረም እንዳትሉ። ነበረ። መንዙማን ታውቃላችሁ። መንዙማ የእስልምና የምስጋናና የጸሎት ዜማ ነው። በከበሮና በጭብጨባ ይወረዳል። የወሎ ሼሆች መንዙማን በዐረብኛ ብቻ አልገጠሙም፤ ሕዝቡ እንዲገባው በአማርኛ ገጠሙ። ፊደሉ ግን የቁርአን ትምህርት ቤት ፊደል ነው። አማርኛውን በዐረብ ፊደል ጻፉት። ይህ አጻጻፍ «ዐጀም» ይባላል።

ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር ናቸው። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የወሎ እስላሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ሼህ ጦልሐ ይህን ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። በአማርኛ የገጠሟቸውን ግጥሞች በዐጀም አስቀምጠዋል። ያረፉት በ1928 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አስቡት። የአዝማሪው ስም ሲጠፋ የሼሁ ስም ለምን ቀረ? ሼሁ ስለጻፉ ነው። ደቀ መዝሙሮቻቸውም ስለገለበጡ ነው። የጻፈና ያልጻፈ ልዩነቱ ይህ ነው።

የተናቀው ሙያ፣ የተፈራው ዘፈን

ሁላችሁም እንደምታውቁት በአገራችን የእጅ ሙያ ያለው ሰው ይናቅ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ይሰደቡ ነበር። አዝማሪውም ከእነሱ አንዱ ነው። «አዝማሪ» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። በዘፈኑ እየተደሰቱ ሰውየውን መናቅ ምን ይባላል? ማሩን በልቶ ንቡን እንደ መርገጥ ነው።

ጠላት ግን አዝማሪውን አልናቀውም፤ ፈራው እንጂ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ ሕዝቡን ጨፈጨፉ። ከዚያም ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ተረት ነጋሪዎችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ለምን ይመስላችኋል? አዝማሪው ጠመንጃ የለውም። ያለው አንዲት የፈረስ ጭራ ናት። ነገር ግን ወሬ ከመንደር መንደር ያደርሳል፤ አርበኛውን ያወድሳል፣ ባንዳውን ያዋርዳል። ጋዜጣ በማይነበብበት አገር ጋዜጣው እሱ ነበር። በዚያ ትእዛዝ የተገደሉት አዝማሪዎች ስንት ዘፈን ይዘው እንደሞቱ አስቡት። በደብተር ያልተጻፈ ዘፈን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ከሸክላ እስከ ካሴት

የሰው ድምፅ በመሣሪያ መቀረጽ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተቀረጸው በአገር ውስጥ አልነበረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሚባሉ የሚንጃር ሰው በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመኪና ሙያ ለመማር ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። ግጥምና ዜማ አዋቂ ነበሩና እዚያው ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። ሸክላው ስለተቀረጸ ዛሬም ስማቸውና ድምፃቸው አለ።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ የማኅበሩ ቴአትር ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የመሰንቆና የክራር ሰዎችን ሰበሰበ። ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር እጅ ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አካባቢ ግን አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደፍሮ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ከፈተ። በእሱ ሸክላዎች የብዙ ዘፋኞች ሥራ ለሕዝብ ደረሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው። ያኔ ከከተማ ራቅ ያለው ገበሬም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ይዞ ዘፈን መስማት ቻለ።

ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በየክፍለ ሀገሩ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። የወሎው ቡድን ላሊበላ ይባል ነበር። በዚህ ቡድን ውስጥ ከነበሩት ድምፃውያን አንዷ ማሪቱ ለገሠ ናቸው። ማሪቱ አምባሰልንና ትዝታን በወሎ ለዛ በማዜም በመላ አገሪቱ ታወቁ። ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ኖረዋል። እሳቸው ሲያዜሙ የሰማ ሰው የአምባሰልን ተራራ ሳያየው ያየው ይመስለዋል።

ይሁንና በአንዳንድ ካሴቶች ሽፋን ላይ ምን ይጻፍ ነበር? «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ነበር። ይህ አነጋገር እውነት አለው። ዘፈኑ በብዙ ሰው አፍ አልፎ፣ ተሞርዶ፣ ተስተካክሎ የመጣ ነው። የሕዝብ ነው። ነገር ግን እውነቱ ሁሉ እሱ አይደለም። ሕዝብ ሲባል እገሌና እገሊት ናቸው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል አንዳንዴ የእገሊትን ስም ለመፈለግ አለመድከም ማለት ይሆናል።

ዘፈንና የክፉ ቀን

የወሎ ዘፈን የደስታ ብቻ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ከባድ ረሀብ መታው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የባሰ መጣ። ኮረምና ባቲ የረሀብተኛ መጠለያ ሆኑ። ያች የፍቅር ዘፈን የወጣላት፣ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቅ ባቲ በዚያ ዓመት ሬሳ የሚወጣባት ቦታ ሆነች። ዓለም የባቲን ስም የሰማው በዘፈኗ ሳይሆን በረሀቧ ነው። ይህ ያሳዝናል።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል በሰፈራ ተወሰደ። ብዙው በፈቃዱ አልሄደም። ቤተሰብ ተለያየ። ሰፋሪው ከብቱን ጥሎ፣ ቤቱን ጥሎ ሄደ። ዘፈኑን ግን አልጣለም። ዘፈን ጭነት የለውም፤ በጉሮሮ ይሄዳል። ትዝታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ የገባው ብዙ ነው።

በረሀብ ዘመን መጀመሪያ የሚሞቱት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ሕፃኑ የነገ ዘፋኝ ነው፤ ሽማግሌው የትናንት ዘፈን ሣጥን ነው። ስለዚህ ረሀቡ የወሰደው ሰውን ብቻ አይደለም። ከሰው ጋር ሳይጻፍ የቀረውን ሁሉ ወስዷል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ አልተሰጠም፤ እያደር በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ሚሊዮኖች ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ስምን መጻፍ ትልቅ ነገር ነው። የሌላውን ስም መጻፍ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ዛሬ የዘፈን ደራሲ በሕግ ይጠበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ይባላል። በዚህ አዋጅ ግጥምና ዜማ የደረሰ ሰው በሥራው መብት አለው። ገንዘብ የሚያስገኘው መብት በሕይወት ዘመኑ የእሱ ነው፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ሥራው የእኔ ነው ለማለት ግን ማስረጃ ይረዳል። ቀን የተጻፈበት ደብተር ማስረጃ ነው።

ስለዚህ እስቲ እንዲህ አድርጉ። በየመንደራችሁ ግጥም አዋቂ የሚባሉ ሰዎች አሉ። አዝማሪው አለ፣ ሙሾ አውራጇ አለች፣ መንዙማ የሚያወርዱት ሼህ አሉ፣ በደቦ ላይ የሚያቀነቅነው ጎልማሳ አለ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። በአክብሮት ጠይቁ። ካልፈቀዱ አታስገድዱ። ከፈቀዱ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።

አንደኛ፣ የዘፋኙን ስም ከነአባቱ ጻፉ።
ሁለተኛ፣ ዘፈኑን ከማን እንደሰማው ጠይቁና የዚያንም ሰው ስም ጻፉ።
ሦስተኛ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ።
አራተኛ፣ ለምን እንደሚዘፈን ጻፉ። ለሠርግ ነው? ለአጨዳ ነው? ለለቅሶ ነው?
አምስተኛ፣ ቃሉን እንደተነገረ ጻፉ። የአገሩን አነጋገር «ላስተካክለው» አትበሉ። የወሎው እንደ ወሎ፣ የጎጃሙ እንደ ጎጃም ይጻፍ። ኦሮምኛው በኦሮምኛ፣ አፋርኛው በአፋርኛ ይጻፍ።

የእጅ ጽሑፋችሁ ባያምር ምንም አይደለም። ፊደል ብትገድፉ ምንም አይደለም። ያልተጻፈ ሁሉ ይጠፋል፤ በመጥፎ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ግን ይነበባል።

የመጀመሪያውን ባቲ ያዜመውን ሰው ስም ዛሬ ማግኘት አንችልም። ጊዜው አልፏል። በእናንተ መንደር ዛሬ ማታ የሚያዜመውን ሰው ስም ግን ማወቅ ይቻላል። ያን ስም የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ደህና ሁኑ።

እስቲ ተወያዩበት

1. አንድ ዘፈን እስኪሰማ ድረስ የእነማን ሥራ ያስፈልገዋል? ዘርዝሩ።
2. አራቱ ቅኝቶች የትኞቹ ናቸው? ስማቸውን ከየት አገኙ?
3. ግራዚያኒ አዝማሪዎች እንዲገደሉ ያዘዘው ለምን ይመስላችኋል?
4. «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚለው አጻጻፍ ትክክል ነው ትላላችሁ? ለምን?
5. በመንደራችሁ ግጥም አዋቂ ማን ነው? ስሙን ከዚህ በታች ጻፉ።